ሽርሽርም ታሪክ አለው፦ ሦስት መቶ ሰዎች በቪቶሻ ተራራ ላይ



ታሪክ ስንማር ዘመናትን የምንቆጥረው በአብዛኛው በጦርነትና በውል፣ በነገሥታት መንገሥና በመንግሥታት መውደቅ ነው። ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ወዴት ይሄዱ ነበር? ከማን ጋር? ለምን? የሚሉት ጥያቄዎች ለጨዋታ እንጂ ለጥናት አይበቁም የሚል አስተሳሰብ በሙያችን ውስጥ ሥር ሰድዷል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዛሬ የማቀርብላችሁ በቡልጋሪያ የተደረገ የአንድ ቀን ሽርሽር ታሪክ ነው። ዓላማዬም የአንድ ሕዝብ የዜግነት ስሜት በአዋጅና በሰይፍ ብቻ ሳይሆን በእግር ጉዞም ሊገነባ እንደሚችል ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን እናስተካክል። የቡልጋሪያ መዛግብት ጉዞው የተደረገው ኦገስት 27 ቀን 1895 እንደ ነበር ያስታውሳሉ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ የምትጠቀመው በጁልያን አቆጣጠር ስለ ነበር፣ ዕለቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8፣ በእኛ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 1887 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ እሑድ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በአገራችን የዐድዋው የክተት አዋጅ ታወጀ። ሁለቱ ጥሪዎች የሚገናኙበት ምክንያት የለም። ሆኖም ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ነገር ያስተምሩናል፤ ነጻነቱን ሊጠብቅ የሚነሣ ሕዝብና ነጻነቱን ካገኘ በኋላ ምን ላድርግበት ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ፣ ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ በታሪክ መድረክ ላይ ነበሩ።

የቡልጋሪያው ጥያቄ ሁለተኛው ነበር። አገሪቱ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል ከቆየችበት የኦስማን አገዛዝ የተላቀቀችው በ1878 ነው። በዓመቱ ሶፊያ ዋና ከተማ ሆና ስትመረጥ ነዋሪዋ ከ20,000 እምብዛም የማይበልጥ ትንሽ ከተማ ነበረች። ከከተማዋ በስተደቡብ ቪቶሻ የተባለው ተራራ ቆሟል፤ ከፍተኛው ጫፉ ቼርኒ ቭራህ፣ ማለትም ጥቁር ጫፍ፣ 2,290 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ተራራ ላይ በመካከለኛው ዘመን የተተከሉ ገዳማት አሉ፤ የድራጋሌቭትሲ ገዳም ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነው። መነኩሴ ለጸሎት፣ እረኛ ለግጦሽ፣ እንጨት ለቃሚ ለማገዶው ይወጣዋል። ያለ ሥራና ያለ ስእለት፣ ለማየት ብቻ መውጣት ግን በከተማው ሕዝብ ዘንድ ልማድ አልነበረም።

የዚያን ዓመት የሶፊያ አየርም ቀላል አልነበረም። ከሽርሽሩ ሁለት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ስቴፋን ስታምቦሎቭ በከተማው ጎዳና ላይ በጭካኔ ተደብድቦ በቁስሉ ሞቷል። የፖለቲካ ጠላትነት ወደ አደባባይ ወጥቶ ደም በሚያፈስበት ወቅት፣ ሰዎች በጋዜጣ ጥሪ ተሰባስበው በሰላም አብረው መዋላቸው ተራ ነገር ነው ብዬ ልወስደው አልችልም።

ጥሪውን ያቀረበው አሌኮ ኮንስታንቲኖቭ ነው። በ1863 በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው ስቪሽቶቭ ተወለደ፤ ሕግ ተማረ፤ በሙያው ጠበቃ፣ በዝንባሌው ደራሲ ነበር። የትውልድ ከተማው ለታሪካችን ጠቃሚ ነው። በ1856፣ ገና በኦስማን አገዛዝ ሥር ሳሉ፣ የስቪሽቶቭ ሰዎች «ቺታሊሽቴ» የተባለውን የንባብ ቤት ከፍተዋል፤ ሎምና ሹመንም በዚያው ዓመት ተከተሉ። ቺታሊሽቴ ነዋሪዎች በራሳቸው ፈቃድና መዋጮ የሚያቋቁሙት፣ መጽሐፍ የሚነበብበት፣ ቴአትር የሚታይበት፣ ንግግር የሚደመጥበት ቤት ነው። መንግሥት ሳያዝዝ በፈቃድ መሰባሰብ ለአሌኮ አዲስ ፈጠራ አልነበረም ማለት ነው፤ የአባቶቹን ልማድ ከአዳራሽ አውጥቶ ወደ ተራራ ወሰደው።

አሌኮ በ1893 የቺካጎን የዓለም ኤግዚቢሽን አይቶ ተመልሷል፤ ስለዚያም መጽሐፍ ጽፏል። በ1895 ደግሞ ዝነኛው «ባይ ጋንዮ» ታተመ። ባይ ጋንዮ የጽጌረዳ ዘይት ይዞ በአውሮፓ ከተሞች የሚዞር ነጋዴ ነው፤ ብዙ ይጓዛል፣ ጥቂት ያያል፣ ከኪሱ በቀር የሚያስጨንቀው የለም። በእኔ ንባብ መጽሐፉና ሽርሽሩ የአንድ ሐሳብ ሁለት ገጾች ናቸው። መጽሐፉ ሳያይ የሚጓዘውን ሰው ይተቻል፤ ሽርሽሩ ሩቅ ሳይጓዝ ማየት የሚችል ሰው እንዲወጣ ይጋብዛል።

ስንት ሰው ወጣ? ሦስት መቶ ይባላል። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ። ቁጥሩን በጽሑፉ ርእስ ላይ ያሰፈረው ጠሪው ራሱ ነው፤ ርእሱም ነገሩ የማይታመን ቢመስልም እውነት መሆኑን በመደነቅ ያውጃል። በደስታ የተቆጠረ ቁጥር የክብ ቁጥር ጠባይ አለው። ይሁን እንጂ ለእኛ ዋናው ሰዎቹ ሁለት መቶ ሰማንያ ወይም ሦስት መቶ ሃያ መሆናቸው አይደለም፤ ደራሲው ራሱ በብዛታቸው መገረሙ ነው። መገረሙ ድርጊቱ ምን ያህል እንግዳ እንደ ነበር ይመሰክራል።

አሌኮ የጥሪውን ፍሬ ብዙ አላየም። በ1897፣ በ34 ዓመቱ፣ ከአንድ የፖለቲካ ሰው ጋር በሠረገላ ሲጓዝ ለጓደኛው የታለመ ጥይት እርሱን ገደለው። በብዕር ስሙ ራሱን «ዕድለኛው» ብሎ ይጠራ ነበር። ከተራራው በታች ያለው ዓለም በሁለት ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፤ ሽርሽር የፖለቲካን ጥይት አያስቀርም። ይህን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል።

ልማዱ ግን አልሞተም። የቡልጋሪያ ቱሪስቶች ኅብረት ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች እሑድ ነው። በ1934 ቪቶሻ የተፈጥሮ ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ በባልካን አገሮች የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት በመፈንቅለ መንግሥት የመጣው አስተዳደር የፖለቲካ ፓርቲዎችን አፍርሷል፤ ተራራው ጥበቃ ሲያገኝ ሸንጎው አጣ። በሶሻሊስቱ ሥርዓት ዘመን፣ በ1966፣ «አገርህን እወቅ» በሚል ስም የመቶ ሥፍራዎች ጉብኝት ተጀመረ። ተጓዡ ትንሽ ደብተር ይይዛል፤ በገዳሙ፣ በቤተ መዘክሩ፣ በተራራው ጫፍ ማኅተም ያስመታል፤ 25 ማኅተም የነሐስ፣ 50 የብር፣ 100 የወርቅ ባጅ ያስገኛል። ሥርዓቱ በ1989 ሲወድቅ ብዙ ነገር አብሮት ወደቀ፤ ደብተሩ ግን እስከ ዛሬ በቤተሰቦች እጅ አለ።

ለምን ተረፈ? የእኔ መልስ ይህ ነው። መንግሥታት ሽርሽሩን ለራሳቸው ዓላማ ሊጠቀሙበት ሞክረዋል፤ በከፊልም ተሳክቶላቸዋል። ነገር ግን ማኅተሙ የሚመታው በግለሰብ ደብተር ላይ ነው፤ ዳገቱንም ስለ ሌላው የሚወጣለት ሰው የለም። አባት ልጁን ይዞ ሲወጣ የሚያወርሰው የመንግሥትን መፈክር ሳይሆን የራሱን መንገድ ነው። በፈቃድ የተጀመረ ነገር በትእዛዝ ዘመን ውስጥ አልፎ እንደገና በፈቃድ ሊቀጥል የሚችለው፣ የሰዎች የዕለት ኑሮ አካል ከሆነ ነው።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ወደ መዛግብት ቤት ስትገቡ የሚኒስትሮችን ደብዳቤ ብቻ አትፈልጉ። የማኅበራትን ቃለ ጉባኤ፣ የጋዜጣ ማስታወቂያን፣ የጉዞ ደብተርን፣ በተራራ ላይ የተነሣ የቡድን ፎቶግራፍን ጠይቁ። አንድ ሕዝብ ማንም ሳያስገድደው ከማን ጋር ወዴት እንደሚሄድ ያወቀ፣ ያ ሕዝብ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ለማወቅ ተቃርቧል።