መልቲካስት በተለያዩ ሰብኔቶች ላይ ለተዘረጋ የሰርቨር ክላስተር

መልቲካስት ላኪው አንድ ጊዜ የላከውን ፓኬት ለአንድ ቡድን አባላት በሙሉ የሚያደርስ የኔትወርክ አሠራር ነው። ደንቡን የጻፈው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ስቲቭ ዲሪንግ ሲሆን፣ በ1989 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 1112 ተብሎ ወጣ። በአይፒ ቨርዥን 4 የቡድን አድራሻዎች ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ይደርሳሉ። በአንድ ድርጅት ውስጥ ለሚሠራ ክላስተር የሚስማማው በ239 የሚጀምረው ክፍል ነው፤ በ224.0.0 የሚጀምሩትን ራውተር ከሰብኔታቸው አያሳልፋቸውም።

የክላስተር አባላት «አለሁ» የሚባባሉት በዚህ መንገድ ሲሆንና ሁሉም በአንድ ሰብኔት ሲኖሩ፣ ነገሩ ብዙ ማስተካከያ አይጠይቅም። ራውተር መካከል ሲገባ ግን ዝምታ ይወርዳል። የመጀመሪያው ምክንያት ቲቲኤል የተባለው የፓኬቱ ዕድሜ ቁጥር ነው፦ ካልተቀየረ በቀር የመልቲካስት ፓኬት የሚወጣው በ1 ነው፣ ራውተር ደግሞ ከቁጥሩ 1 ቀንሶ ዜሮ የደረሰውን ይጥላል። ስለዚህ ቁጥሩ በመንገዱ ካሉት ራውተሮች ብዛት መብለጥ አለበት።

እሱ ብቻውን አይበቃም። በመንገዱ ባሉት ራውተሮች ላይ፣ በሚመለከታቸው ኢንተርፌሶች ሁሉ፣ ፒም የተባለው ፕሮቶኮል መከፈት አለበት። ስፓርስ ሞድ በተባለው የፒም አሠራር ላኪና ተቀባይ መጀመሪያ የሚገናኙት ራንዴቩ ፖይንት በሚባል ራውተር በኩል ስለሆነ፣ የቡድኑን ራንዴቩ ፖይንት ሁሉም ራውተሮች አንድ አድርገው ማወቅ ይኖርባቸዋል። ራውተሩ ፓኬቱ የገባበት በር ወደ ላኪው የሚመልሰው በር መሆኑንም ይፈትሻል፤ ካልሆነ ይጥለዋል።

ከሁሉ አሳሳቹ የስዊቹ ጉዳይ ነው። ስዊች ቡድኑ በየትኞቹ ፖርቶች እንዳለ የሚያውቀው አባላት ወደ ቡድን የሚመዘገቡበትን ፕሮቶኮል፣ የአይጂኤምፒን፣ መልእክቶች አድምጦ ነው። በየ125 ሰከንዱ «ማን አለ?» የሚል ጠያቂ ከሌለ፣ ምዝገባው በተለመደው ስሌት በ260 ሰከንድ ያልቃል። ክላስተሩ አምሮበት ይነሣል፤ ባለሙያው ተደስቶ ቡና ሊጠጣ ሲወጣ አባላቱ ይጠፋፋሉ። ፒም የተከፈተበት ራውተር ጠያቂነቱንም ስለሚይዝ፣ ሕመሙ የሚገኘው እንዲህ ዓይነት ራውተር በሌለበት ሰብኔት ነው። እንደ ኦምፒንግ ባለ መሣሪያ የሚደረግ ሙከራ ከ5 ደቂቃ ካነሰ ምንም አላረጋገጠም።

አባላቱ ጥቂት ከሆኑ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ኮሮሲንክ የተባለው የክላስተር ሶፍትዌር ከቨርዥን 3 ጀምሮ ካልተቀየረ በቀር የሚጠቀመው ዩኒካስትን ነው፦ የአባላቱ አድራሻ አንድ በአንድ ይጻፋል፣ ፋየርዎሉ ላይም የዩዲፒ ፖርት 5405 ይከፈታል።