የኩላሊት እጥበትና በመገጣጠሚያ ላይ የሚከማቸው ፕሮቲን

ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን ከ99 አሚኖ አሲዶች የተገነባ፣ በአብዛኞቹ የሰውነት ሕዋሳት ገጽ ላይ የሚገኝ ትንሽ ፕሮቲን ነው። የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የተጠቁ ሕዋሳትን እንዲለይ ያግዛል። ከሕዋሳት ሲላቀቅ ወደ ደም ይገባል፤ ከደም የሚያስወግዱትም በዋናነት ኩላሊቶች ናቸው።

ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም የፕሮቲኑ መጠን ከመደበኛው እስከ 60 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ቀዳዳቸው ጠባብ የሆነ የዲያሊሲስ ማጣሪያዎች በበቂ ሁኔታ አያስወግዱትም።

ይሁንና የመጠኑ መብዛት ብቻውን በሽታውን አያስከትልም። ፕሮቲኑ ትክክለኛ ቅርጹን ሲያጣ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እየተያያዘ አሚሎይድ የተባሉ የማይሟሙ ክሮችን ይፈጥራል። በመገጣጠሚያዎችና በጅማቶች የሚገኘው ኮላጅን ክሮቹ በዚያ እንዲከማቹ ያመቻቻል።

እ.ኤ.አ. በ1985 የጃፓን ተመራማሪዎች የክምችቱ ምንጭ ይኸው ፕሮቲን መሆኑን ለይተው አሳወቁ።

ሕመሙ በአብዛኛው ከብዙ ዓመታት እጥበት በኋላ ይገለጣል። የትከሻ ሕመም፣ በእጅ አንጓ ነርቭ መጨቆን ሳቢያ የሚመጣ የጣቶች መደንዘዝ እንዲሁም የአጥንት መሰበር ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያላቸው ማጣሪያዎች ችግሩን ይቀንሳሉ፤ የፕሮቲኑን መጠን ወደ መደበኛው የሚያቀርበው ግን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው።