የትሪስታን ዳ ኩኛ ደሴት ካርታና የነዋሪዎቿ ዕውቀት

ካርታ የቀያሽ መሣሪያ ውጤት ብቻ ሆኖ መታየቱ በትምህርት ቤቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የትሪስታን ዳ ኩኛ ደሴት ታሪክ የነዋሪው ሕዝብ ዕውቀት ከመሣሪያው የማይተናነስ ድርሻ እንዳለው ያስረዳል።

ደሴቲቱ በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከኬፕ ታውን ወደብ 2,800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የእሳተ ገሞራ ተራራ ስትሆን ከፍተኛ ጫፏ 2,062 ሜትር ይደርሳል። ዙሪያዋ በአብዛኛው ከባሕር ቀጥ ብሎ የሚነሣ ገደል በመሆኑ ሕዝቡ የሰፈረው በሰሜን ምዕራብ በኩል ባለው ጠባብ ሜዳ ላይ ነው። ሰፈሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1816 የእንግሊዝ ጦር በዚያ ከሠፈረ በኋላ፣ ጦሩ ሲነሣ በቀሩት ጥቂት ሰዎች ነው።

የደሴቲቱ የውስጥ ገጽታ በዝርዝር የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ሲሆን፣ ሥራውን ያከናወነው በኤርሊንግ ክሪስቶፈርሰን የተመራው የኖርዌይ የሳይንስ ጉዞ ቡድን ቀያሽ የነበረው እንግሊዛዊው አላን ክሮፎርድ ነው። ነዋሪዎቹም መንገድ መሪ ሆነዋል። በካርታው ላይ የሰፈሩት ስሞችም የእነርሱው ናቸው። ከእነዚህም መካከል ትርጉማቸው «ፍየል የሚዘልበት ሸንተረር»፣ «ቄሱ ዕቃቸውን ያወረዱበት ታች» የሚል ይገኙባቸዋል። ኮንቱር መስመር ከፍታን ብቻ ሲያመለክት፣ እንዲህ ያሉ ስሞች በቦታው ምን እንደታየና ምን እንደተደረገ ይነግራሉ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1961 በሰፈሩ አጠገብ እሳተ ገሞራ በመፈንዳቱ ሕዝቡ በሙሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። የቀለጠው ዐለት የጀልባ ማረፊያውን የባሕር ዳርና የዓሣ ፋብሪካውን ሸፈነ። ከዚያም ነዋሪዎቹ ድምፅ በሰጡ ጊዜ 148 ሰዎች ለመመለስ ሲወስኑ የተቃወሙት 5 ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም በ1963 ተመለሱ። የባሕሩ ዳርቻ ቢለወጥም የቀድሞው ቅርጽና የቦታዎቹ ስም በካርታው ላይ ተመዝግቦ ቆይቷል። በቃል ብቻ የሚኖር ዕውቀት ግን ባለቤቱ ከቦታው ሲነሣ ለመጥፋት የተጋለጠ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከዚህም የተነሣ የጂኦግራፊ መምህራን የታተመ ካርታ ለተማሪዎች ከማሳየታቸው አስቀድሞ፣ ተማሪዎቹ የአካባቢያቸውን ወንዝ፣ ሸንተረርና መሻገሪያ ስም ከነምክንያቱ ከሽማግሌዎች ጠይቀው በራሳቸው ንድፍ ላይ እንዲያሰፍሩ ቢያደርጉ ጠቃሚ ይሆናል። የሥርዓተ ትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ለዚህ ተግባር በቂ ክፍለ ጊዜ ሊመድቡለት ይገባል።