ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና በእጃጂ መንገድ፦ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ከመግዛት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ ወዲህ፣ አዲስ የቤት መኪና የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚቀርብለት የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከእነዚህም የሚበዙት በቻይና ፋብሪካዎች የተመረቱ ናቸው። የጀርመን ስም ይዞ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታየው ቮልስዋገን አይዲ.6 እንኳ የሚመረተው በቻይና፣ ለቻይና ገበያ ነው። ይህ እውነታ ከዋና ከተማዋ ርቆ ለሚኖር ገዢ ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች የቀረበው መረጃ በምዕራብ ሸዋ ዞን የምትገኘውን የእጃጂ ከተማን በምሳሌነት ወስዷል።

ለመቶ ዓመት ያህል የመኪና ኢንዱስትሪ የበላይነት የተመሠረተው ጥሩ ሞተር በመሥራት ችሎታ ላይ ነበር። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ከአካላቱ ሁሉ ውዱ ባትሪው ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ቀድማ የተገኘችው ቻይና ናት። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ1995 በሸንዠን ከተማ ሲቋቋም ባትሪ አምራች እንጂ መኪና ሠሪ አልነበረም፤ ወደ መኪና ሥራ የገባው በ2003 ሲሆን፣ በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ መኪኖችን ማምረት በ2022 አቁሟል። የቻይና መንግሥት ለዓመታት የሰጠው ድጎማ በርካታ አምራቾችን አፍርቷል፤ በመካከላቸው የተነሣው ብርቱ ፉክክርም ዋጋውን ወደ ታች ገፍቶታል። ቻይና በ2023 ጃፓንን በልጣ የዓለም ቀዳሚ መኪና ላኪ ሆነች። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ 100 በመቶ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከመደበኛው 10 በመቶ በላይ እስከ 35.3 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ጣሉ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ቮልስዋገን እስከ 2030 ድረስ በጀርመን ከ35,000 በላይ የሥራ መደቦችን ለመቀነስ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተስማማ።

ትልልቆቹ ገበያዎች በራቸውን ሲያጠቡ ሌሎች አገሮች ለላኪዎቹ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል። ኢትዮጵያም በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ በማድረግ፣ የጉምሩክ ቀረጡን ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ እንዲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው የሚገቡትም ቀረጥ እንዳይከፈልባቸው ወስና ነበር። የታክስ ድንጋጌዎች ስለሚሻሻሉ ግን በግዢው ወቅት የሚሠራበትን ምጣኔ ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ገዢው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የመኪናውን የኃይል መሙያ ሶኬት ዓይነት ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ጂቢ/ቲ የተባለውን የቻይና ደረጃ ሲጠቀሙ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ የተባለውን ይጠቀማሉ። የአንዱ መሰኪያ ለሌላው አይገባም። ሁለተኛው ጉዳይ ዋስትና ነው። አምራቾች ለባትሪ በብዛት የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ከአምራቹ ወኪል ውጭ በግለሰብ አስመጪ የገባ መኪና ይህ ዋስትና እዚህ ላይጸናለት ይችላል። ስለሆነም «ዋስትና አለው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን በቂ አይደለም፤ ዋስትናውን በኢትዮጵያ ውስጥ የሚፈጽመው ድርጅት ማን እንደሆነ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። የመኪናው ስክሪን በቻይንኛ ብቻ የሚሠራ ከሆነም ቋንቋው ሊቀየር መቻሉን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ማየት ይገባል። ያገለገለ መኪና ሲሆን የባትሪው ቀሪ አቅም በምርመራ መሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ ከውሉ ጋር ቢያያዝ፣ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመንገዱ ነገር ነው። እጃጂ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በነቀምቴ መንገድ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ደርሶ መልሱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በቻይና የመለኪያ ሥርዓት «500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል» የተባለ መኪና በተግባር ያንን ያህል አይሄድም። መካከለኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚወስድ፣ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የሚያስኬደው ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያም እስከ መጨረሻው ከተሟጠጠ ነው። ከጉደር ወደ ጌዶ ያለው ዳገት ፍጆታውን ይጨምራል። ከጌዶ ወደ እጃጂ ቁልቁል ሲወረድ መኪናው ከፍሬኑ ኃይል እየሰበሰበ ባትሪውን በጥቂቱ ይሞላል። እጃጂ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች መመለሻው ከመሄጃው ይበልጥ ኃይል ይፈጃል። በመሆኑም የእጃጂ ነዋሪ ጉዞውን በቤቱ በሚሞላው ኃይል መጀመርና አዲስ አበባ ሲደርስ የሚሞላበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የቤቱ ኃይል ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ከተለመደ የግድግዳ ሶኬት በ2 ኪሎ ዋት ገደማ ቢሞላ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ 30 ሰዓት ይፈልጋል። በ7 ኪሎ ዋት መሙያ 9 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ይህ መሙያ የሚስበው ኃይል ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች ባንድነት ሲሠሩ ከሚስቡት ጋር የሚመጣጠን ነው፤ ልዩነቱ ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ የሚጠፋ፣ መሙያው ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው ራሱን ችሎ የሚዘረጋ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ከመኪናው ግዢ በፊት በአቅራቢያው ወዳለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ቀርቦ ቆጣሪውና የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነቱን መሸከም መቻላቸውን መጠየቅ፣ ካልቻሉም የኃይል ማሻሻያ ማመልከቻ ማስገባት ይገባል። መኪናው ደጅ ከቆመ በኋላ መጠየቅ ለገዢው አይጠቅምም። መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት ሰፈር ደግሞ ባትሪው እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በየዕለቱ መሙላት ይመረጣል።

ሥራው ከከተማው የማይወጣ ሰው ከመኪና ይልቅ የኤሌክትሪክ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪን ቢያጤን ስሌቱ ይቀልለታል። ባትሪው አነስተኛ ስለሆነ ከተለመደው ሶኬት ሌሊቱን ይሞላል፤ የሚሠራበትም ርቀት አጭር በመሆኑ የመንገድ ላይ መሙያ ጣቢያ ፍለጋ አያስጨንቀውም። የባትሪ ዋስትናና የመለዋወጫ ጥያቄ ግን ለእርሱም ያው ነው።