መዝገብ ላይ ዜሮ የተባለው ሥራ



ለብድር በምናስሞላው ፎርም ላይ «የሥራ ዓይነት» የሚል መስመር አለ። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ «ሥራ የለኝም» ብለን ጽፈናል። ይህን የጻፍነው ውኃ ቀድተን፣ እንጀራ ጋግረን፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሰን፣ የታመመ አስታመን ከመጣን በኋላ ነው። ሒሳብ የምንይዘውም ሰዎች ፎርሙን ተቀብለን በገቢው ዓምድ ዜሮ እንሞላለን። ይህ ዜሮ የእኛ ፈጠራ አይደለም። አገሮች ሀብታምና ድሃ ተብለው የተለዩበት መዝገብም ከጥንስሱ ይዞት የመጣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ሳይመን ኩዝኔትስ በ1934 የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ ለኮንግረስ አቀረበ። የቤት እመቤቶችን ሥራ ከስሌቱ ውጪ አደረገ፤ ማድረጉንም አልደበቀም። የአንድ ሕዝብ ደኅንነት በብሔራዊ ገቢ ብቻ እንደማይለካም አስጠነቀቀ። ቁጥሩ ዓለምን ሲዞር ማስጠንቀቂያው ወደ ኋላ ቀረ።

በ1940ዎቹ እንግሊዛዊቷ ፊሊስ ዲን የዛሬዎቹን የማላዊንና የዛምቢያን ብሔራዊ ገቢ የማስላት ሥራ ተሰጣት። የገጠሩን ኑሮ ካጠናች በኋላ፣ የሴቶች እንጨት ለቀማና ምግብ ማብሰል ካልተቆጠረ የመንደሩ ምርት በትክክል አይታወቅም ስትል ተከራከረች። የተባበሩት መንግሥታት በ1953 ያወጣው የሒሳብ ሥርዓት ግን ያለ ክፍያ የሚሠራውን የቤት ውስጥ ሥራ ውጪ አስቀረው።

አገሮች በየተራ የተመደቡት በእንዲህ ዓይነት ሒሳብ ነው። በ1971 የተባበሩት መንግሥታት «በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ የሚገኙ» ያላቸውን 25 አገሮች ዘረዘረ። ኢትዮጵያና ማላዊ ከመጀመሪያው ዝርዝር ጀምሮ አሉበት። አብራን የተመዘገበችው ቦትስዋና በ1994 ወጣች። ዝርዝሩ ውስጥ መገኘት ጥቅምም አለው፤ በንግድና በዕርዳታ በኩል ልዩ አስተያየት ያስገኛል። የዓለም ባንክ ደግሞ አገሮችን በነፍስ ወከፍ ገቢያቸው በአራት መደብ ይከፍላል።

ገቢ ብቻውን አይበቃም ያሉ ሰዎችም ተነሥተዋል። በ1990 ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሐቅ፣ ሕንዳዊው አማርትያ ሴን እየረዳው፣ ዕድሜንና ትምህርትን ከገቢ ጋር የሚያይ የሰው ልማት መለኪያ አወጣ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የኒውዚላንድ የፓርላማ አባል የነበረችው ማሪሊን ዌሪንግ የሴቶች ሥራ አለመቆጠሩን በመጽሐፍ ሞግታ ነበር። በ1993 የተሻሻለው የሒሳብ ሥርዓት ለቤት የሚቀዳን ውኃና የሚለቀምን እንጨት እንደ ምርት ተቀበለ። ለራስ ቤተሰብ ማብሰል፣ ማጽዳት፣ ልጅ ማሳደግና ማስታመም ግን እስከ ዛሬ ከምርቱ ድምር ውጪ ናቸው።

ሥራችን ስለተቆጠረ ብቻ ሀብታም እንሆናለን አንልም። ድህነታችንን በኑሯችን እናውቀዋለን። ነገር ግን ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰዓቱ ዜሮ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ያ ሰዓት ሲቆጠብም ትርፉ ዜሮ ሆኖ ይታያል። ወፍጮ ወይም የልጆች ማቆያ ሲከፈት የምናተርፈው ጊዜ በሪፖርት ላይ የማይታየው ለዚህ ነው። የማይታይ ትርፍ ደግሞ በጀት አያገኝም።

የዓለምን መዝገብ ማስተካከል ከአቅማችን በላይ ሊሆን ይችላል። የራሳችን ፎርም ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ በብድር ፎርማችን ላይ «በቤት ውስጥ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራሉ?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ እናቀርባለን። ደጋፊዎቻችንም ከብር ዓምዱ ጎን የሰዓቱን ዓምድ እንዲያነቡልን እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ፣ እኅቶች፣ «ሥራ የለኝም» ብለን አንጻፍ።