ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው አዋቂዎች የአካል እንቅስቃሴ አቅም እንዴት ይለካል?

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለበት ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው በልብ ወይም በሳንባ ህመም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ የተሸከመው ክብደት ብቻም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ የአካል እንቅስቃሴ አቅም ልኬት ነው። ከቀዶ ጥገና በፊት የታካሚውን አቅም ለመገመትና የአካል ብቃት እንቅስቃሴ በመጠኑ ለማዘዝም ያገለግላል።

በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት መሠረት፣ በኪሎ ግራም የተለካ ክብደት በሜትር ለተለካ ቁመት ስኩዌር ሲካፈል ውጤቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አዋቂ ከመጠን ያለፈ ውፍረት እንዳለበት ይቆጠራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ በዚህ ሁኔታ ውስጥ እንደሚገኝ አስታውቋል።

የአቅም ዋነኛ መለኪያ ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ወቅት በአንድ ደቂቃ የሚጠቀመው የኦክስጅን መጠን ነው። ተመርማሪው የትንፋሽ መለኪያ ጭምብል አድርጎ በትሬድሚል ላይ ይራመዳል፣ ወይም ባለበት የሚቆም ብስክሌት ይነዳል፤ ሥራው በየጊዜው እየከበደ ይሄዳል። የተገኘውን መጠን ለክብደት አካፍሎ መግለጽ የተለመደ ሲሆን፣ ስህተት የሚፈጠረውም በዚሁ ላይ ነው። ለምሳሌ 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በደቂቃ 3 ሊትር ኦክስጅን ቢጠቀም ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 25 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሌላ ሰው 2.1 ሊትር ቢጠቀም ደግሞ ውጤቱ 30 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በሂሳቡ ሁለተኛው ይበልጣል፤ ብዙ ኦክስጅን ለጡንቻዎች ያደረሰው ግን የመጀመሪያው ሰው ልብና ሳንባ ነው። ስብ በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚጠቀመው ኦክስጅን አነስተኛ ቢሆንም በማካፈሉ ሂሳብ ውስጥ እንደ ጡንቻ ይቆጠራል።

ተቃራኒው ስህተትም ያጋጥማል። ይኸው ሰው 20 ኪሎ ግራም ቢቀንስና የሚጠቀመው ኦክስጅን በ3 ሊትር ቢጸና፣ የልቡ አቅም ሳይለወጥ ውጤቱ ከ25 ወደ 30 ከፍ ይላል። መራመድ እንደሚቀለው አያጠራጥርም፤ ልቡ ጠንክሯል ማለት ግን አይቻልም። በመሆኑም የጤና መርሐ ግብርን ውጤት የሚገመግም ኃላፊ ሁለቱንም አኃዞች ጎን ለጎን ማየት ይኖርበታል።

የመሣሪያው ምርጫም ውጤቱን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት የብሩስ የትሬድሚል ፈተና ገና ሲጀመር 10 በመቶ ዳገት አለው፤ በየሦስት ደቂቃውም ይከብዳል። ከባድ ክብደት ያለውን ሰው ልቡ ሳይደክም ጉልበቱ ሊያስቆመው ስለሚችል በዝግታ የሚጨምር ፈተና ይመረጣል። ብስክሌት ክብደቱን ይሸከምለታል፤ ሆኖም መቀመጫው ላይመች ይችላል።

መሣሪያ በሌለበት የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና ይሠራል። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ መሠረት 30 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ኮሪደር፣ የጊዜ መለኪያና ወንበር ከዋነኞቹ መገልገያዎች ይጠቀሳሉ። ተመርማሪው በስድስት ደቂቃ የቻለውን ያህል ይራመዳል፤ አይሮጥም፤ ሲደክመው ማረፍ ይፈቀድለታል። ኮሪደሩ ካጠረ መመለሻው ስለሚበዛ ርቀቱ ይቀንሳል። ሰው በሁለተኛው ሙከራ የተሻለ ስለሚራመድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ማድረግ ይመከራል።

የሚጠበቀው ርቀት በቀመር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካውያን ላይ ተመሥርቶ በወጣው ቀመር ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ዕድሜው 45 የሆነ ወንድ 80 ኪሎ ግራም ሲመዝን 611 ሜትር፣ 120 ሲመዝን ደግሞ 541 ሜትር ይጠበቅበታል። 540 ሜትር የተራመደ የ120 ኪሎ ግራም ሰው እንግዲህ እንደ ክብደቱ የሚጠበቅበትን ፈጽሟል፤ ከቀላሉ ሰው ጋር ሲነጻጸር ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ሪፖርቱ የትኛው ንጽጽር እንደተወሰደ መግለጽ አለበት። ከፍታ የኦክስጅን አጠቃቀምን ስለሚቀንስም፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የተለካን ሰው በዝቅተኛ ስፍራ በተዘጋጀ የኦክስጅን መመዘኛ መዳኘት ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ባለፈው አንድ ወር የልብ ድካም ምት ወይም ያልተረጋጋ የደረት ህመም ያጋጠመው ሰው የእግር ጉዞ ፈተናውን እንዲወስድ አይፈቀድም። በፈተናው መካከል የደረት ህመም ወይም መንገዳገድ ከታየ ወዲያውኑ ይቋረጣል።