የውኃ መክፈያው መንገድ፤ ከአንኮበር እስከ ጓሳ

ከመንዝ ደጋ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ምድሩ ድንገት ሲያበቃ ያያል። ማለዳ ጉም የይፋትንና የቀወትን ቆላ በሸፈነ ጊዜ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ መንገደኛ ከባሕር ዳር የደረሰ ይመስለዋል። ሰሜን ሸዋ ባሕር ባይኖረውም የራሱ ዳርቻ አለው። በዚህ ዳርቻ ላይ አያሌ ትውልድ የተመላለሰበት፣ ተሽከርካሪ ያልደረሰበት የእግርና የበቅሎ መንገድ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የዚያን መንገድ ታሪክና ለዛሬው ሙያ የሚሰጠውን ትምህርት በአጭሩ ይመረምራል።

አፋፉ የሁለት ተፋሰሶች ወሰን ነው። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ በሞፈር ውኃ፣ በአዳባይና በወንጪት አድርጎ ከጀማ ይገናኝና ወደ ዓባይ ይዘልቃል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይፈሳል። መሐንዲስ ዛሬ በካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኘውን ይህን የውኃ መክፈያ መስመር የጥንቱ መንገደኛ በእግሩ አግኝቶታል። በውኃ መክፈያ ላይ የሚሄድ ሰው ትልቅ ወንዝ አይሻገርም፤ ወንዝ የማይሻገር መንገድም ድልድይ አያሻውም፣ በክረምትም አይቆረጥም። በአንጻሩ ከመንዝ ወደ መርሐ ቤቴ የሚሻገር መንገደኛ የጀማን ገባር ወንዞች ጥልቅ ሸለቆ መውረድና መልሶ መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር፤ ክረምት ሲገባም ሙላቱ እስኪጎድል ከወንዙ ዳር መሰንበት የተለመደ ነበር።

ከአፋፉ ወደ ቆላ የሚያወርዱት መተላለፊያዎች ጥቂቶች በመሆናቸው እያንዳንዳቸው ዋጋ ነበራቸው። በጣርማ በር ስም ላይ ያለው «በር» የሚለው ቃል ይህንኑ ያስታውሳል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዙበት ዘመን፣ ማለትም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ፣ ሲራራ ነጋዴዎች ጨውና የባሕር ማዶ ዕቃ ከታጁራ ወደብ በአፋር ምድር በኩል አምጥተው ከአንኮበር ግርጌ በምትገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ያራግፉ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው በዚሁ የግመል መንገድ ነው። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ሚሲዮናዊው ክራፍ ከአንኮበር ተነሥቶ በደጋው በኩል ወደ ሰሜን በማምራት፣ ወሎን አቋርጦ ምጽዋ ደረሰ። እንግዲህ ይህ የገደል ዳር መንገድ ደገኛውን ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ጋር ያገናኘ ነበር ማለት ይቻላል።

መንገዱ ከጣርማ በር ወደ ሰሜን ሲዘልቅ የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ ወደ ተነሣበት ምድር ይገባል። የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ነጋሢ ክርስቶስ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የተነሡት ከመንዝ ነው። ከመሐል ሜዳ በስተምሥራቅ ያለውን ከፍተኛ ምድር አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች በፈረስ ግልቢያ ወሰን እንደ ተካፈሉት በትውፊት ይነገራል። የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ይህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መሬት «ቄሮ» በተባለው ሥርዓት ለዓመታት እየተዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት እየተከፈተ ይጠበቅ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስከ ዛሬ በዚያ ይኖራሉ።

የተሽከርካሪ ዘመን ወደ ዳርቻው የመጣው ከጠላት ጦር ጋር ነው። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ አስመራ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ሲሠሩ፣ የጣርማ በርን ተራራ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ በሆነ ዋሻ በሱት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ እስከ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ድረስ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በሙያ ረገድ ታላቅ ሥራ መሆኑ አይካድም። ዓላማው ግን ወታደርና መሣሪያ ማጓጓዝ ነበር። ጎዳናው በጠላት እጅ ሲወድቅ የበቅሎው መንገድ የአርበኛው ሆነ፤ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በመንዝና በመርሐ ቤቴ የተንቀሳቀሱት ካሚዮን በማይገባበት መስመር ነው። ለዚህም ሕዝቡ ከባድ ዋጋ ከፍሏል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝና ግሼ ምድር በዘረት ዋሻ ከአርበኞች ጋር የተጠለሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በመርዝ ጋዝና በጥይት አልቀዋል። ወደዚያ ዋሻ የሚያደርሰው የእግር መንገድ ስለዚህ የታሪክ ሰነድ ነው።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መንገድ ማለት የተሽከርካሪ መንገድ ማለት እየሆነ ሄደ። ሐኪምና ማዳበሪያ የሚደርሰው በመኪና በመሆኑ ይህን የሚነቅፍ አይኖርም። ይሁን እንጂ አዲስ ጎዳና በአሮጌው መንገድ ላይ ሲዘረጋ እግረኛው፣ ባለበቅሎውና በግ ነጂው ወደ ጎዳናው ጠርዝ ይገፋሉ። የመንዝን በግ ወደ ገበያ የሚነዳ ገበሬ አባቱ በሰላም በተመላለሰበት መስመር ላይ ከከባድ መኪና ጋር ይጋፋል።

ይህንን ችግር ሌሎች አገሮች በሌላ መንገድ ፈትተውታል። በጣሊያን የሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ፣ በሳን ሬሞ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1872 የተከፈተው የባቡር ሐዲድ በ2001 ወደ ውስጥ ሲዛወር፣ አሮጌው መስመር ከነዋሻዎቹ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ። የጣርማ በርን ተራራ ለጦር መኪና የበሳው አገር በገዛ ዳርቻው ላይ ዋሻዎቹን ለብስክሌተኛ መልቀቁ ሊጤን የሚገባው ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዋና ዋና ጎዳናዎችን በተወሰኑ እሑዶች ከተሽከርካሪ ነፃ በማድረግ ሐሳቡ እንግዳ እንዳልሆነ አሳይቷል። ብስክሌትም ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለም፤ አገሪቱ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ ብስክሌተኞች ልካለች፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ገብረማርያም በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

በእርግጥ የመንዝ ደጋ ሊጉሪያ አይደለም። በ3,200 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ጭነት የያዘ ብስክሌተኛ ከመቶ 5 በላይ በሆነ አቀበት ረጅም ጊዜ መጓዝ ይቸግረዋል፤ በቅሎ ግን የዚያን እጥፍ ይወጣል። ስለዚህ ሥራው መከፋፈል አለበት፦ በውኃ መክፈያው ላይ ያለው መለስተኛ ተዳፋት ለብስክሌትና ለእግረኛ፣ ወደ ቆላ የሚወርደው ቁልቁለት ለእግረኛና ለበቅሎ ይመደባል። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው፣ ድንጋይ የተነጠፈበትና የውኃ ቦይ የተበጀለት መንገድ ለዚህ ይበቃል። ተራራ መቁረጥም አያሻውም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ የደረሰውና ከሺህ በላይ ቤቶችን ያፈረሰው የመሬት መንሸራተት፣ በዚህ ገደል ላይ መቆፈር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ማስረጃ ነው።

ጦርነት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት አካባቢ መድረሱና ከዚያም በኋላ ሰላም በአካባቢው አለመጽናቱ ጎብኚን ለመጥራት የሚያስችል አልሆነም። ሆኖም የመንገዱ የመጀመሪያ ባለቤት ጎብኚው አይደለም። ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው የአካባቢው ሰው ነው። ጥበቃውም የጓሳን ሣር ለዘመናት ከጠበቀው የጋራ ደንብ ብዙ ሊማር ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ሬንጅም ዲናሚትም አያስፈልገውም። አዲስ ጎዳና በሚቀየስበት ጊዜ ሁሉ ከመስመሩ ጎን የቆየው የእግር መንገድ በፕላኑ ላይ እንዲሰፍርና ሳይቆረጥ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። በፕላን ላይ ያልሰፈረ መንገድ በዶዘር ሲጠፋ ኃላፊነቱን የሚወስድ አይገኝም።